የሚኒስትሩ በር

«አዛዥ፣ ያቺን ሴትዮ ካላስወጣሽልኝ እኔ ራሴ ጥዬላችሁ እወጣለሁ!» አለች እናቷ በጥቁር ሻርፗ አፏን ሸፍና።

አዛዥ እውነተኛ ስሟ አይደለም። አፍ እንደፈታች መኮንኑን አባቷን «ተነስ፣ ተቀመጥ» እያለች ስታሽከረክረው እሱ ራሱ ያወጣላት ነው። ሻለቃ ጦር የሚያዝ ሰው እሷ ፊት ተራ ወታደር ነበር። ዛሬ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ርዕሰ መምህርት ሆናም ስሙ አልለቀቃትም።

ሴትዮዋ በሩ ጥግ ተቀምጣለች። ከአዛዥ አባት ቀብር ማግስት ጀምሮ በየጠዋቱ ትመጣለች፤ አታለቅስም፣ ማንንም አታናግርም፣ የቀረበላትን ሻይ አትነካም፣ ሲመሽ ትሄዳለች። «ወደ ውስጥ ይግቡ» ሲሏት «እዚሁ ይሻለኛል» ነው መልሷ። ሐሜት መቼም እግር አያጣም። «ውሽማው ናት» የሚለው ሹክሹክታ ከወንበር ወንበር ተቀባብሎ እናትየው ጆሮ ገብቷል። እውነት ከሆነ እናቷ ባሏን ብቻ ሳይሆን ትዳሯንም ልትቀብር ነው።

በክፍቱ በር የሚገባው ነፋስ ለቀስተኛውን ያንቀጠቅጠዋል። ግን ማንም ሊዘጋው አልደፈረም፤ ሟች በቁሙ በር አያዘጋም ነበርና።

«የነዳጅ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ መጀመሪያ ያደረጉት የቢሮአቸውን በር ማስነቀል ነው» እያለ ይተርካል የሚኒስቴሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ። «ነዳጅ የጠፋ ጊዜ የታክሲ ሹፌሩ ሰተት ብሎ ገብቶ ይሰድባቸው ነበር። ቁጭ ብለው ይሰማሉ! እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?»

ቤትም ያው ነበር። ልጆቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው እያጠኑ «የኛስ ቤት ገበያ ነው» ይሉ ነበር። አዛዥ ያዘዘችው ሁሉ ይፈጸማል፣ ከአንዱ በቀር። «በሩን ዝጋው፣ በረደኝ!» ስትለው ካፖርቱን አውልቆ ያለብሳታል እንጂ አይዘጋም።

ንዴቷን እየዋጠች ወደ ሴትዮዋ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባቴን ከየት ነው የሚያውቁት?»

ሴትዮዋ አስተውላ አየቻት። «ባሌ የነዳጅ ዴፖው የፓምፕ ሠራተኛ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አባትሽ ያኔ ሻምበል ነው፣ የጥበቃው ኃላፊ። ፓምፕ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሳ። የብረት በሩ ካልተዘጋ እሳቱ ጋኖቹን ሊያገኝ ነው፤ ከጋኖቹ ሥር ደግሞ ሰፈሩ አለ። እኔም እዚያው ሰፈር ነበርኩ። ወታደሮቹ አንዘጋም አሉ። ሰው አለበታ! ባሌ ውስጥ እንዳለ አባትሽ በገዛ እጁ ዘጋው።»

አዛዥ ክው አለች። የእሳቱን ታሪክ ማን የማያውቀው አለ? ሻምበሉ ከተማ አዳነ፤ ሜዳልያ ተንጠለጠለለት፣ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ተደረበለት፣ ጄኔራል ሆኖ ጡረታ ሊወጣ ሲል «ከእሳት ያተረፈው እሱ፣ ነዳጁን ለሱ እንጂ ለማን?» ተብሎ ሚኒስትር ሆነ። ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ሰው እንደነበር ግን አንድም ተናጋሪ ተናግሮ አያውቅም።

«ባሌ ከውስጥ ያንኳኳ ነበር አለኝ። አባትሽ ራሱ ነው መጥቶ የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያቺ ቀን በመጣች ቁጥር አይቀርም፤ ጄኔራልም ሆኖ፣ ሚኒስትርም ሆኖ። ደጄ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። አንድ ቀን ግባ አላልኩትም። በሩን ፊቱ ላይ ድርግም ነው። ሲመሽ ይሄዳል።»

«ታዲያ አሁን… ለምን መጡ?»

«ዘንድሮ ቀረ።» ሴትዮዋ ወደ ክፍቱ በር ዞረች። «አርጅቻለሁ፣ ልጄ። መጥላትም ጉልበት ይፈልጋል። ዘንድሮ ግባ ልለው በሩን ከፍቼ ስጠብቅ ዋልኩ። በማግስቱ መሞቱን በሬዲዮ ሰማሁ። እሱ ደጄ የቆመውን ያህል ባይሆን እንኳ ልቀመጥለት ብዬ ነው።»

አዛዥን ከቀብሩ ወዲህ እምቢ ያላት እንባ መጣ። ሄዳ ሁሉንም ለእናቷ በጆሮዋ ነገረቻት።

እናትየው ሻርፗን ከአፏ አወረደች። «በእንቅልፉ ‹ክፈቱ፣ ክፈቱ› እያለ ይጮህ ነበር» አለች። «የጦር ሜዳ ነገር ይመስለኝ ነበር። ምነው ለኔ እንኳ ቢነግረኝ!»

ከዚያ ተነሳች። ሳሎኑ በሙሉ ጠብ ሊያይ ጸጥ አለ። እናትየው በሩ ጥግ ደርሳ ሴትዮዋን ክንዷን ያዘቻት።

«ይግቡ፣ እህቴ። ይበርድዎታል።»

ሴትዮዋ ለመነሳት ጊዜ ወሰደባት። ሁለት እርምጃ ገባ አለችና ዞራ በሩን አየችው።

«ልዝጋው?» አለች።

እናትየው በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ገፋችው፤ ስንት ዘመን ክፍት የኖረ በር ዝናብ አሳብጦት ኖሮ እምቢ አለ። አዛዥ መጥታ ትከሻዋን ሰጠችው። ሁለቱ ሲገፉት ቀጭ ብሎ ገጠመ። ነፋሱ ቆመ፣ ለቀስተኛው ወደ ወሬው ተመለሰ፣ ሴትዮዋም ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

አዛዥ ግን እጀታውን አልለቀቀችም። ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆመች፤ አባቷ ከውጭ ያንኳኳ እንደሆነ ብላ።