የባህል ቡድኑ መጣ

ሱሃይላ ገና ከአራስነቷ ሳትወጣ አንድ ክፉ ልማድ አወጣች። ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር አፏን በመዳፏ እየከደነች፣ «ዝም በይ፤ ይሰሙናል» ትላታለች። የሚሰማቸው ሰው ግን አልነበረም። ከመስኮቱ ባሻገር ያለው የመቂ የሽንኩርት ማሳ ነው፤ ከማሳው ባሻገር ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚንደቀደቅ የውሃ ፓምፕ።

እናቷ ሀጂራ ይህን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ሀጂራ በሁለት አይሱዙ ሽንኩርት እያስጫነች ወደ አዲስ አበባ የምትልክ፣ ደላሎች እንኳ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠራርጉላት ሴት ነበረች። ልማዱ ከየት እንደመጣ አሳምራ ታውቃለች። ምጡ ሲጠናባት ሱሃይላን የጤና ጣቢያው ሰዎች ሪፈር ጽፈው በአምቡላንስ ወደ አዳማ ላኳት። እዚያ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል፣ ዶክተር አዶኒያስ የሚባል ሐኪም ስትጮህ ጊዜ ጭኗን በጥፊ መታትና እንዲህ አላት፦

«ያኔ ጣፍጦሽ፣ ዛሬ ምን ያስጮህሻል?»

በዙሪያው የቆሙት ተማሪዎች ሳቁ። ሀጂራ ከመጋረጃው ማዶ ሆና ጥፊውንም፣ ቃሉንም፣ ሳቁንም ሰማች። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የልጇን ድምፅ አልሰማችም። ሱሃይላ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ትንፍሽ ሳትል ወለደች።

በማግሥቱ ሀጂራ ወደ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ ገባች።

«ቅሬታዎን በሩ ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ ይክተቱልን፣ እናቴ» አላት ጸሐፊው በትሕትና።

«ሳጥንማ የሚያስፈልገው ለሐኪማችሁ አፍ ነው፤ ቁልፉን ግን እኔ እይዘዋለሁ» ብላው ወጣች።

ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት። ከብት አይነዳባትም፤ ሰው አይመታባትም። ሆኖም ምጥ ላይ ያለች ወይም አራስ የሆነች ሴት ክብሯ ከተደፈረ፣ ሴቶች ሲንቄያቸውንና እርጥብ ሣር ይዘው በበደለኛው ደጅ ይቆማሉ። በደሉን በዜማ ይነግሩታል፤ በአደባባይ እስኪያምን ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። አምኖ ከተንበረከከ ግን ይቅር ማለት ግዴታቸው ነው። ሀጂራን ያስጨነቃት ይህ የመጨረሻው ሕግ ነበር። ሰውየው ቶሎ ይቅርታ እንዳይጠይቅባት ፈራች።

«ሀጂራ፣ ዶክተር እኮ ነው» አለቻት ጎረቤቷ ሑስና። «ነገ የእኔ ልጅ እሱ እጅ ላይ ብትወድቅስ?»

«እኔንስ የሚያስኬደኝ ምን ሆነና ነው? በይ ሲንቄሽን አውጪ።»

የመቂ ሴቶች በሽንኩርት መኪናዋ ላይ ተጭነው ወደ አዳማ የወረዱት ጥር ወር ውስጥ ነው። ሐሳባቸው ከሆስፒታሉ በር ላይ መቆም ነበር፤ ዕጣ ፈንታ ግን ከዚያ የተሻለ መድረክ አዘጋጅታላቸዋለች። በዚያን ዕለት ሆስፒታሉ የጤናማ እናትነትን ወር ያከብር ነበር። ድንኳን ተተክሏል፤ ገንፎ ተገንፍቷል፤ ከጤና ቢሮ የመጡት አቶ ምልኬሳ በክብር ወንበር ተቀምጠዋል። ከአሰላ የተጋበዘው የባህል ቡድን ብቻ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ቀርቷል።

ለሥራው አዲስ የሆነው ጥበቃ ሐዲስ፣ በጨሌና በባህል ልብስ ያሸበረቁ ሴቶች በትርና ሣር ይዘው ሲመጡ አይቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«የባህል ቡድኑ እናንተ ናችሁ?»

ሀጂራ ውሸት መናገር አልፈለገችም።

«ባህሉስ ባህል ነው፣ ልጄ» አለችው።

«ቶሎ በሉ እንግዲህ፤ ዶክተሩ እየጠበቃችሁ ነው!»

እውነትም እየጠበቃቸው ነበር። በዚያን ቀን «የእናቶች ባለውለታ» ተብሎ ሊሸለም አዲስ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መድረኩ ላይ ቆሟል። ከፊት ወንበር ደግሞ እናቱ ወይዘሮ የሺዓለም ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሲሸለም ለማየት ከጸሎት ቤታቸው በቀጥታ የመጡ፣ በወጣትነታቸው በመቂ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

ሴቶቹ ድንኳኑን ሞልተው በኦሮምኛ ማዜም ጀመሩ።

«አዶኒያስ፣ አዶኒያስ፣
እጅህስ ጓንት ለብሷል፤ አፍህን ማን ያልብሰው?
ምጥ በያዛት ላይ ጀግና፣
አንተንስ ምጥ ሲይዝህ ማን አለሁ ይበልህ?»

ዶክተር አዶኒያስ ያደገው አዳማ ቢሆንም የሚያውቀው ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስሙ በዜማ ሲጠራ ፊቱ በራ። አጨበጨበ፤ ትከሻውንም ነቅነቅ አደረገ። ከዚያ አጠገቡ ወደቆመችው አዋላጅ ነርስ ወደ ኤቢሴ ዘንበል አለ።

«ምን እያሉ ነው፣ ሲስተር?»

«ስምዎን እያነሡ ነው፣ ዶክተር።»

«እሱማ ገባኝ! ከዚያስ?»

«ስለ እጅዎ ነው የሚያዜሙት።»

«የተባረከ እጅ ነው እያሉ?»

«እሱን እንኳን አላሉም» አለች ኤቢሴ፤ ዓይኗንም ከሴቶቹ ላይ አላነሣችም።

በድንኳኑ ውስጥ ጭብጨባው ከኋላ ጀምሮ እየከሰመ መጣ። ቋንቋውን የሚያውቁት ሁሉ እጃቸውን ሰብስበው ከወንበራቸው ተነሡ። ወይዘሮ የሺዓለምም ከመጀመሪያው ስንኝ አንሥቶ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የሚያጨበጭበው ባለጋቢው ብቻ ቀረ። ዜማው ሲያበቃ በደስታ ማይክራፎኑን ለሀጂራ አቀበላት።

«አካም ጂርቱ፣ እናቴ! ለታዳሚው ራስዎን ያስተዋውቁልን።»

«የሱሃይላ እናት ነኝ» አለች ሀጂራ በአማርኛ።

«ሱሃይላ ማን ናት?»

«የምትመታውን ሴት ስሟን እንኳ አትጠይቅም?»

ጋቢው ከትከሻው ተንሸራተተ፤ የሚያነሣለት አልነበረም። ዙሪያውን አየ፤ በትሮቹን አሁን ገና እንዳየ ሁሉ ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ዘለለ።

«ምናልባት… ቅር የተሰኘ ሰው ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ።

ሀጂራ የፈራችው ሰዓት ደረሰ። ሆኖም ሰውየው በአንዲት ቃል አዳናት።

«‹ካለ›? እኔ እዚህ እንደ ምሰሶ ተተክዬ ‹ካለ› ይለኛል!»

ባህሉን የሚያውቁት አቶ ምልኬሳ ተነሥተው፣ «እናቶች፣ በወጉ መሠረት ሆስፒታሉ በሬ ያቀርባል» አሉ።

«በሬማ ገበያ ሞልቷል» አለች ሀጂራ። «እኔ የመጣሁት እዚህ ብቻ ለሚገኘው ነው። ለልጄ ያላትን ቃል፣ እንዳላት አድርጎ፣ በዚሁ ማይክራፎን ይበለው።»

«ያልኩትን አላስታውስም።»

«ላስታውስዎት፣ ዶክተር?» አለች በዚያን ዕለት ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ኤቢሴ።

ዶክተሩ ወደ እናቱ አየ፤ ወደ አቶ ምልኬሳ አየ፤ በመጨረሻም መሬት መሬቱን እያየ ቃሉን አጉተመተመ።

«አልተሰማም!» አሉ ከኋላ ያሉት ሴቶች።

ደገመው። ድምፅ ማጉያው ቃሉን ተቀብሎ በግቢው ሁሉ፣ ወረፋ ለሚጠብቁት ነፍሰ ጡሮች ሳይቀር፣ አንድም ፊደል ሳያጎድል አደረሰው።  ሀጂራ ውርደቱን እንደ ማር አጣጣመችው።

ከዚያ የተነሡት ወይዘሮ የሺዓለም ናቸው። በዝግታ ሄደው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«አዶኒ፣ እኔ አንተን የወለድኩ ቀን ጩኸቴ ሞጆ ድረስ ተሰምቷል። በል ለእኔም ንገረኝ፤ ጣፍጦሽ ነው በለኝ!»

«እማዬ፣ እባክሽ…»

«በለኝ እኮ ነው የምልህ!»

ከዚያ ከሑስና እጅ አንድ ጭብጥ ሣር ወስደው ከሴቶቹ መካከል ገብተው ቆሙ። ያን ጊዜ ዶክተሩ ማንም ሳያዘው ተንበረከከ፤ ያለ «ካለ»፣ ያለ «ምናልባት» ይቅርታ ጠየቀ። ሴቶቹም ወጉ እንደሚያዘው ሲንቄያቸውን ዝቅ አድርገው ሣሩን ፊቱ ነሰነሱና ወጡ። ገንፎውን ግን በልተው ነው የወጡት፤ ገንፎው ምንም አልበደላቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመቂ እስከ ሞጆ ያሉ ሴቶች ያንን ሐኪም በስሙ አይጠሩትም። «ዶክተር ጣፍጦ» ነው የሚሉት።

ሀጂራ ቤቷ ስትደርስ ሱሃይላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት።

«በእውነት እያጨበጨበ?»

«ትከሻውን ሳይቀር እየነቀነቀ።»

«እናቱም ሰሙ?»

«ከእሱ ቀድመው።»

ሱሃይላ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ቤቱን የሞላ፣ የስፌቷን ሕመም ያስረሳ ሳቅ። ሕፃኗ ከእንቅልፏ ባንና ማልቀስ ጀመረች። የሱሃይላ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ትንሿ አፍ ተዘረጋ፤ አየር ላይ ግን ቆመ።

«አልቅሺ» አለቻት። «አልቅሺ፣ የኔ እናት፤ ይስሙን።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «አዮ፣ ይቅር አልሽው?» ስትል እናቷን ጠየቀች።

ሀጂራ ሲንቄዋን ከራስጌዋ ቀጥ አድርጋ አቆመቻት።

«ሲንቄዬ ይቅር ብላዋለች» አለች። «እኔ ገና ነኝ።»