ሸራና ቺንጋ

ሰይፈሥላሴን የሚያውቅ የአቃቂ ሰው ሁሉ ስለ ነፋስ እንዳያነሳበት ይጠነቀቃል፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውማ! አባቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ለልጃቸው ያወረሱት ነገር ቢኖር የሸራ ጀልባ ፍቅር ብቻ ነው። እሱ ግን የሚኖረው ነፋስ በአፍንጫ በሚታወቅበት ሰፈር ነው። የቆዳ ሽታ ከመጣ ነፋሱ ከላይ ነው፤ የተቃጠለ ብረት ከሸተተ ከፋብሪካዎቹ በኩል ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወፍጮ ይገጥማል፣ እሁድ እሁድ ቢሾፍቱ ወርዶ በጠጋገናት አሮጌ ጀልባ ሐይቁ ላይ ይውላል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ እድላዊት «ውሃ የሌለህ መርከበኛ» እያለች ታሾፍበታለች። አዲሱን ሸራ አሥራ አንድ እሁድ ሙሉ ቁጭ ብላ የሰፋችለት ግን እሷው ናት።

የሚሠራበት ወርክሾፕ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ላለች አንዲት ደሴት ወፍጮ ሠርቶ፣ ሄዶ እንዲገጥም ሲታዘዝ ሰይፈሥላሴ በደስታ እንቅልፍ አጣ። ደሴት! ሥራውን ሲጨርስ ከደሴቷ ጀልባዎች በአንዷ ላይ ሸራውን ሊዘረጋ ቆረጠ። የዕቃው ሳጥን ጠበበው። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘውን ሰፊውን ቺንጋ አወጣና በቦታው ሸራውን አጣጥፎ ከተተ። ቺንጋውን በእጁ ሊይዘው አስቦ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው። እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።

ማክሰኞ ጠዋት ከውሲ የሚባል ጎልማሳ በጀልባው ከነወፍጮውና ከነሞተሩ ሲያሻግረው ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ደሴቷ ላይ ሲወርድ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አቃተው፤ የሚሸት ነገር የለማ! ሌላውም ነገር ግራ አጋባው። ቤቶቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለአንድ አቅጣጫ ሰጥተዋል። ጀልባዎቹ ገና ከስድስት ሰዓት በፊት ወደ ደረቅ ይጎተታሉ። ሸራ ያለው አንድም የለም። ደሴት ላይ እየኖሩ ሸራ አለመያዝ ለእሱ ስንፍና መሰለው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ መጣና ሐይቁን አናወጠው።

«የተባረከ ነፋስ!» አለ ጮክ ብሎ። «እንዲህ ያለ ነፋስ ይዛችሁ በመቅዘፊያ ትደክማላችሁ?»

ከውሲ አንገቱን ደፋ። ወፍጮውን ሊያዩ የመጡት ሴቶችም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። የመለሱለት የወፍጮው ኮሚቴ ሰብሳቢ እማማ ፈለቀች ናቸው።

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ የምናስፈጨው ማዶ ተሻግረን ነው። በጠዋት እንሄዳለን፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ዱቄቱ ሲደርሰን ነፋሱ ተነስቷል። እቤት የሚጠብቅ ሕፃን እያለ ማን ማዶ ያድራል? ልጄን ሉላን አምና ከነዱቄቷ የወሰዳት ይሄው የተባረከው ነፋስ ነው።»

ሰይፈሥላሴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሥራ ይሻላል ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። ሞተሩን አሰረ፣ ወፍጮውን አስተካክሎ ተከለ። ቺንጋውን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ የጨበጠው ሸራውን ነው።

«እማማ፣ ቺንጋው አቃቂ ቀርቷል» አለ። «ቅዳሜ በሚመጣው መኪና እልክላችኋለሁ።»

«ዛሬ ይጀምራል ስላላችሁን ነው እኮ የጠበቅነው። በማንም ቤት ዱቄት የለም» አሉ እማማ ፈለቀች። «እንግዲህ ነገ እንሻገራለን።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

ሸራውን መሬት ላይ ዘረጋው። የእድላዊት ስፌት ዳር እስከ ዳር ቀጥ እንዳለ ነው፣ አንዲት መርፌ አልሳተችም። ቢላዋ ስጡኝ አለ። ሲቆርጠው እንባው ወረደ፣ አላፈረበትም። በቁመቱ ቀዶ አራት ድርብ አድርጎ አጠፈውና ከከውሲ ጋር እየተጋገዙ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ሰፉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሳ። ከሸራ የተሠራው ቺንጋ ተንሸራተተ፤ አቆመና አጠበቀው፣ እንደገና ሲያስነሳው ያዘ። የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ነፋሱ ሳይነሳ ተሻግሮ ለምሳ አቃቂ ገባ። እድላዊት በሩ አጠገብ መኪናዋ ላይ ትሰፋለች።

«ሸራውስ?» አለችው ባዶ እጁን አይታ።

አንድም ሳያስቀር ነገራት። እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ። አሥራ አንዱ እሁድ ትዝ እንዳላት ገባውና ለጠብ ተዘጋጀ።

«ስንት ድርብ አደረግኸው?»

«አራት።»

«በእጅህ ሰፍተህ?»

«በጆንያ መርፌ።»

«አራት ድርብ፣ በእጅ ስፌት፣ ለሞተር! እና እስከ ቅዳሜ የሚይዝ መስሎህ ነው?» ብድግ አለች። «የሸራውን ነገር ተወው፣ ሸራ ይሰፋል። ዛሬ ቢበጠስ ነገ ጠዋት ሊሻገሩ አይደል? አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ምሳ አልቀረበለትም። ወርክሾፕ ሄዶ ቺንጋውን ከምስማሩ አወረደ፣ አለቃው ከኋላው እየጮኸበት ወጣና ከቃሊቲ መናኸሪያ የመጀመሪያውን የዝዋይ መኪና ያዘ። ሐይቁ ዳር ሲደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ነፋሱ ማዕበሉን እያነሳ ይጥለዋል፣ ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ደረቅ ወጥተዋል። ጀልባ ነጂዎቹን አንድ በአንድ ለመነ፤ ከማለዳ በፊት የሚንቀሳቀስ የለም አሉት። ወፍጮው እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮውን ወደ ደሴቷ ቀሰረ። የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው። ቺንጋውን ጭኑ ላይ አድርጎ አሸዋው ላይ ተቀመጠና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነፋሱ እንዲቆም ጸለየ።