በአንድ ቀን ታላቅ

ጉናር ሆልቤክ በኤቨረት ከተማ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖረው አንድ ሥራ ይዞ ነው፤ የትልቋን ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ክንፍ ከሆዷ ጋር ማጋጠም። ሠራተኛው «ንግሥቲቱ» ይላታል። በደጉ ጊዜ በወር አምስት ንግሥት ከፋብሪካው በር ስትወጣ ጉናር ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚራመደው። አሁን ግን መንገደኛ የሚጭኑት አየር መንገዶች ፊታቸውን አዙረውባታል፤ ነዳጅ ትጨርሳለች፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ይበቃናል አሉ። የሚፈልጓት ዕቃ ጫኞች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አንዷን ለማዘዝ ዓመት ያስባሉ። በወር አምስት የነበረው ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አንድ። ዓርብ ዕለት ደግሞ አለቆች ሰብስበው፣ ከእንግዲህ በሁለት ወር አንድ ብቻ እንደሚሠራና ከሁለቱ የክንፍ ፈረቃዎች አንደኛው እንደሚዘጋ ተናገሩ። የሚዘጋው የጉናር ፈረቃ ነበር።

ይህንንስ ይችለው ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ሞሪስ ታልማን ባይኖር ኖሮ።

ሁለቱ የተቀጠሩት በአንድ ሳምንት ነው፤ ጉናር ሰኞ፣ ሞሪስ ማክሰኞ። ሞሪስ ሰኞ ዕለት ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ገባ ሲባል ቅጥሩን ለማግስቱ ትቶ ባሕር ላይ ሲያጠምድ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ጉናር «በአንድ ቀን ታላቅህ ነኝ» እያለ ወንበር ሲያስለቅቀው ኖሯል። ሞሪስ በር ክፍል ጀምሮ፣ ክንፍ ላይ ከጉናር ጋር ሠርቶ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ወደ ባለ ሁለት ሞተሩ የክንፍ ክፍል ተሻገረ። ያኔ ጉናር «ቤተ መንግሥት ትቶ ሎሌ ቤት ገባ» ብሎ አሳቀበት። ዛሬ በሎሌው ቤት አውሮፕላኖቹ አፍንጫና ጭራ ገጥመው ተሰልፈዋል፤ ቅዳሜ እንኳ ትርፍ ሰዓት አለ። ጉናር በዚያ ባለፈ ቁጥር አንጀቱ ያርራል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ብሪታ ነች። ብቸኛ ልጁ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ስትቀጠር «ወደ ንግሥቲቱ ነይ፣ እኔ አስተምርሻለሁ» ቢላት፣ «አባዬ፣ ንግሥትህ እኮ አርጅታለች» ብላ ባለ ሁለት ሞተሩ ላይ በር ክፍል ገባች። በር መግጠም ያስተማራት ሞሪስ ነው።

ያን ዓርብ ጉናር የምሳ ሣጥኑን ይዞ ካፊቴሪያ ሲገባ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

«ና ቁጭ በል፣ ታላቄ!» አለ ሞሪስ። «እስቲ ንገረን፣ ንግሥትህ ዘንድሮ ስንት ወለደች?»

ብሪታ ሳቋ አመለጣት። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ጉናር ግን የሰማው እንደ ጥፊ ነው።

«ሳቅ፣ ምን አለብህ» አለ። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።»

«ድንጋዩ አንተ ነህ ማለት ነው?»

«አባዬ፣ ሲቀልድ እኮ ነው!» አለች ብሪታ።

«አንቺም መሳቅሽን ቀጥዪ።» ሣጥኑን ሳይከፍት ተነሥቶ ወጣ። ልጄን ወሰዳት፣ ሥራዬን ወሰደው፣ አሁን ደግሞ በቁሜ ይቀልድብኛል እያለ ነበር የሚሄደው። ሥራውን የወሰደበት አየር መንገዶቹ እንጂ ሞሪስ አለመሆኑን ያውቃል። ግን በአየር መንገድ ማን ይቀናል?

ሰኞ ጠዋት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮዋ ቬልማ ቅጹን ሰጠችው። የፋብሪካው ሠራተኞች «ግፊያ» የሚሉት ነገር ነው፤ ቦታው የተዘጋበት ነባር ሠራተኛ፣ ከእሱ በኋላ የተቀጠረ ሰው የያዘውን ቦታ መውሰድ ይችላል። የተገፋው ሰውም መጀመሪያ በተቀጠረበት ክፍል የመጨረሻ ተቀጣሪ የሆነውን ይገፋል። እንዲህ እየተገፋፉ ይወርዱና የመጨረሻው ከበር ውጭ ይቀራል።

ከጉናር በኋላ ተቀጥረው እሱ የሚችለውን የክንፍ ሥራ የያዙ ሁለት ስሞች ነበሩ፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ሞተሩ ላይ። አንደኛው ስምንት ዓመት ያገለገለ ወጣት ነው።

«እሱን ጻፍ» አለች ቬልማ። «ጭራ ክፍል ሰው ጠፍቶ እየለመኑኝ ነው፤ ነገውኑ ወደዚያ አዛውረዋለሁ። ማንም አይጎዳም።»

ደንቡም ባይሆን ወጉ ይኸው ነበር፤ ሰው የሚገፋው የታችኛውን ነው። እኩያውን የገፋ ሰው ካፊቴሪያ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። ጉናር ይህንን ለሌሎች ሲመክር የኖረ ሰው ነው። ብዕሩን ሲያነሣ ግን ያ የዓርቡ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣ። የሞሪስን ቦታ፣ የሞሪስን ቅዳሜ፣ ሞሪስ ከልጁ ጋር የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ አየ። የሁለተኛውን ስም ጻፈ፤ ሞሪስ ታልማን።

ቬልማ ቅጹን አንብባ ቀና አለች። «ጉናር፣ እርግጠኛ ነህ?»

«በአንድ ቀን ታላቁ ነኝ» አለና ወጣ። ያን ዕለት ማታ ከሰነበተበት እንቅልፍ እጦት ተገላግሎ ለጥ ብሎ ተኛ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞሪስ በፋብሪካው ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ክንፍ ክፍል ድረስ መጣ። ያ ፋብሪካ ከዳር እስከ ዳር በእግር የሚዘለቅ አይደለም። ሞሪስ ከብስክሌቱ ሳይወርድ ተናገረ።

«ገፋኸኝ አሉ።»

«መብቴ ነው።»

«መብትህ ነው፣ ማን መብትህ አይደለም አለ? እኔም መብት አለኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት የት ነው?»

ጉናር በያዘው መፍቻ ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

«በር ክፍል ነው» አለ ሞሪስ ራሱ። «ስለዚህ የምገፋው በር ክፍል ነው ማለት ነው። በር ክፍል የመጨረሻዋ ተቀጣሪ ማን ናት? በል እንጂ፣ ታላቄ፣ አንተ አታውቅም?»

ጉናር መፍቻውን አስቀመጠ። በር ማን እንዳስተማራት እያሰበ ሦስት ዓመት ሲብሰለሰል የኖረ ሰው፣ ያስተማራት ሰው በር ክፍል መመለስ እንደሚችል አንዴም አላሰበም። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሚቀናበትን ሰው አጉልቶ እያሳየ ቀሪውን ይጋርዳል።

«ብሪታ» አለ ቀስ ብሎ።

«ብሪታ። አይዞህ፣ አልነካትም። ጡረታዬን እወጣለሁ፤ ግፊያው እኔ ላይ ይቆማል። አንተ እንድታውቀው ብዬ ነው የመጣሁት።» ብስክሌቱን አዞረ። «ባትጽፈኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ገና አራት ዓመት ልሠራ አስቤ ነበር።»

 ጉናር ሊያፍር ይገባው ነበር፤ አፍሮም ነበር። ከሐፍረቱ በላይ ግን ያው የለመደው ቅናት ተነሣበት። ልጄን የሚያድናት እሱ ሊሆን ነው? እኔ በጨለማ የገፋሁ፣ እሱ በብርሃን ያዳነ ሊባል ነው? አይሆንም! ቅጹን ቀድጄ እኔ እወጣለሁ፤ ለልጄ ሥራውን የሚሰጥ አባቷ ነው እንጂ ሞሪስ አይደለም። በጎ ሥራ ለመሥራት እንኳ የገፋው ያው ቅናቱ ነበር።

ያገኘውን ብስክሌት ይዞ እስከ ቬልማ ቢሮ ጋለበ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ሰው ነው፤ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ቅጼን መልሺልኝ። ልሰርዘው ነው።»

«ምን ያደርግልሃል?» አለች ቬልማ። «ሞሪስ ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ፈርሞ ወጥቷል። ጡረታ አንዴ ከተፈረመ አይመለስም።»

«አሁን እኮ እኔ ዘንድ መጥቶ… እወጣለሁ ነው ያለኝ።»

«ፈርሞ ነው የመጣው። አሁን ብትሰርዘው ሁለታችሁም ውጭ ናችሁ፤ ለማንም አይጠቅምም። ሂድና ሥራህን ሥራ፣ ጉናር።»

በሚቀጥለው ሰኞ ጉናር ሞሪስ ቦታ ላይ ቆመ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ደህና አደርክ ያለውም የለም። ግራ ቀኙ አውሮፕላን ነው፤ የተመኘው ግርግር ሁሉ በዙሪያው ነበር። አራት ሰዓት ላይ የዕረፍት ደወል ሲደወል ብሪታ በሁለት እጇ ሁለት የወረቀት ኩባያ ቡና ይዛ በክንፉ ሥር ብቅ አለች። አባቷን ስታይ ቆመች።

ለእኔ ነው ብሎ እጁን ዘረጋ።

«የሞሪስ ነው» አለች። «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት አመጣለታለሁ። ረስቼው ነው፤ እግሬ አመጣኝ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ! ጉናር በዚያች ደቂቃ ቦታውን በወሰደበት ሰው ከምንጊዜውም ይልቅ ቀናበት።

«ብሪታ፣ እኔ እኮ ነገሩ አንቺን እንደሚነካ አላወቅኩም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ቬልማ ነግራኛለች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ብባረር ሌላ ሥራ አገኝ ነበር። የሚያናድደኝ ይህ አይደለም። ነገሩ እኔን ባይነካኝ ኖሮ ሞሪስን ገፍተህ ደስ ብሎህ ትኖር ነበር አይደል?»

 ጉናር አይደለም ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ልጁ ግን ውሸቱን ታውቅበታለች። ብሪታ አንዱን ቡና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋችውና፣ የራሷን ይዛ ወደ በር ክፍል ተመለሰች።