መጀመሪያ አቤት

ኩለሱምን ዝም ያሰኛት ስሕተት ከየት መጣ? ዮአብ መልሱን አያውቅም፤ ከካሳራኒ ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስ ከተሳፈረ ጀምሮ ኪሌሌሽዋ ቢሮው እስኪገባ ድረስ ግን ያው ጥያቄ አብሮት ተጓዘ።

ኩለሱም በሞያሌ መንገድ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የክትባት ማቀዝቀዣዋን ሙቀት በየጠዋቱ በሞባይሏ ሜሴጅ ትልካለች። የስልክ ኩባንያው ሜሴጁን ሲያገኝ፣ ሰው ድረ ገጽ በሚከፍትበት በዚያው በኤችቲቲፒ መንገድ መጥቶ ዮአብ የሚሠራበትን፣ ማቀዝቀዣዎቹን የሚከታተለውን ድርጅት ሰርቨር ያንኳኳል። ደጁ ላይ ቆሞ የሚቀበለውን ፕለጊን፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ የሚቀጠለውን ትንሽ ፕሮግራም፣ የሠራው ዮአብ ነው። ሥራው ገና እንደተጀመረ የኩለሱም ማቀዝቀዣ ሞቀ። አንድ ጊዜ የላከችው ሜሴጅ ተደራርቦ ደረሰ። የጥገና መኪና አሰማሪው ባንታየሁ ስክሪኑ በእሷ ስም ሲሞላ ሴትዮዋ የምትቀልድበት መሰለውና ደውሎ ቁጣውን አወረደባት። ማቀዝቀዣው ተጠገነ፤ የእሷ ድምፅ ግን ከዚያ ወዲህ ጠፋ። እንደገና ቢበላሽ የሚያውቅ የለም፤ ሕፃናቱ ሙቀት ያበላሸው ክትባት ሊወጉ ነው።

ዮአብ እዚሁ ከተማ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ተወልዶ፣ ኖርዌይ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ከተመለሰ ወዲህ ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ አልፈታም። እዚህ ምን ሊሠራ እንደመጣ ራሱን በጠየቀ ቁጥር ልቡ ወደ አየር ማረፊያው ያዘነብላል። የሰሞኑን ጥፋትም በኢንተርኔቱ አሳበበ። በባሕር ሥር የሚመጣው የኢንተርኔት ገመድ ገና ሞምባሳ ያልደረሰበት ዘመን ስለነበር ሁሉም ነገር በሳተላይት ይንቀራፈፋል።

እትዬ አስናቀች ይህን ሰበብ አልተቀበሉትም። የሰርቨሩን ፕሮግራም ከባዶ ተነሥተው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ችግር ሲመጣላቸው ስክሪን አያዩም፤ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና «ንገረኝ» ይላሉ። ዮአብም ነገራቸው፦ ሜሴጁ ሲደርስ ፕለጊኑ ጤና ጣቢያውን ይፈልጋል፣ ሙቀቱን ከትናንቱ ጋር ያመዛዝናል፣ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ለባንታየሁ ያሳውቃል፣ ይህን ሁሉ ሲጨርስ ለኩባንያው «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል።

እትዬ አስናቀች ከመስኮቱ አልዞሩም። ዮአብ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ከኋላው ጠሩት።

«ዮአብ!»

«አቤት።»

«ምን ፈልጌህ ነው?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሳታውቅ ምን ብለህ አቤት አልክ?»

ጥፋቱ ያኔ ገባው፦ ፕለጊኑ «ደርሶኛል» የሚለው ሥራውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። ኩባንያው ሲያንኳኳ የሚከፍትለት ያጣል፤ አልሰሙም ብሎ ደግሞ ያንኳኳል፤ ፕለጊኑ ውስጥ ሆኖ እያንዳንዱን ማንኳኳት እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥራል። እናቱ ገና አፉን ሲፈታ ያስተማረችውን ነገር ማሽኑን ማስተማር ረስቶ ነበር።

«ኖርዌይ ሲጠሩህ አስበህ ነበር የምትመልሰው?» አለ ባንታየሁ ከወዲያ ጥግ። ዮአብ ሳቀ፤ የሳቀው ከልቡ ነበር።

ወዲያው ቀይሮ አሳያቸው፤ አሁን ፕለጊኑ ቶሎ አቤት ይላል። እትዬ አስናቀች ግን ገና አልረኩም።

«አቤት እንዳልክ ወዲያው መብራት ቢሄድስ? መጀመሪያ ዲስክ ላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ አቤት በል፣ ከዚያ ሥራህን ሥራ። ለሜሴጁ ኩባንያው የሰጠው ቁጥር አለ አይደል? ያንኑ ይዞ ደግሞ ከመጣም አቤት በለው፤ ሁለተኛ ግን አትመዝግበው።»

ሰርቨሩን መሐል ላይ አጠፉበት፣ ገመድ ነቀሉበት፣ አንዱን ሜሴጅ መላልሰው ላኩበት። ምንም አልጠፋም፤ ምንም አልተደራረበም። ዮአብ ታላላቅ አዳራሾች ውስጥ ብዙ ሊቅ ሲናገር ሰምቷል፤ ጀርባቸውን ሰጥተው የሰው ሐሳብ ውስጥ እንዲህ የሚገቡ ግን አላየም። እኚህ ሴትዮ አጠገብ ብዙ ዓመት ቢቀመጥ እንደማይቆጨው ተሰማው።

ባንታየሁ በእትዬ አስናቀች ትእዛዝ ለኩለሱም ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። በስዋሂሊ «ሳዋ»፣ እሺ ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋችበት። በማግስቱ ጠዋት የማቀዝቀዣዋ ሙቀት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደረሰ። ፕለጊኑም አቤት አለ።

ዮአብ ለምሳ ሲወጣ ሞባይሉን አወጣና በስዋሂሊ ጻፈላት፦ ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ በትክክል ነው የላክሽው፣ ስለተመለስሽ አመሰግናለሁ። ሜሴጁ መድረሱን ስልኩ አሳየው።

ኩለሱም ከዚያ በኋላ አንድም ጠዋት አላጓደለችም፤ ለማሽኑ። ለዮአብ ግን ምንም አልጻፈችለትም።