ጭልፋ የተጫረበት ቆርቆሮ

ያን ዓመት መጀመሪያ ዝናቡ ቀረ። የሩዙ ችግኝ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ መጥቶም አልሄድ አለ። የጃሙና ወንዝ መጀመሪያ የአሸዋውን ዳር፣ ቀጥሎ ቃጫ የምናወጣበትን የጁት ማሳ፣ ቀጥሎ ግቢያችንን ወሰደ። ፍየሎች ሰጠሙ። ዶሮዎች ጣራ ላይ ወጥተው እዚያው በረሃብ አለቁ። የጉድጓዱ ውኃ ከወንዙ ጋር ተቀላቀለና ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱ። የምንቀብርበት ደረቅ መሬት ስላልነበረ ሬሳቸውን በጀልባ ወደ ማዶ ወሰድን። ልጄ ዳካ ነው፤ ጡብ ይሸከማል። ስልክ ስናስደውልለት አያነሳም።

ቤቴ የሄደው በጁምዓ ቀን ነው። ውኃ ውስጥ እስከ ወገቤ ቆሜ አየሁት። ግድግዳው ጎበጠ፤ ጣራው ተቀመጠ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሄደ። ጣራው ሣር ነበር። ወንዙ መሐል ባለችው ደሴታችን ቆርቆሮ ያለው ሰው ወንዙ ሲመጣ ምስማሩን ነቅሎ ጣራውን ተሸክሞ ይሸሻል። ግድግዳ የትም ይገኛል። ቆርቆሮ ያለው ሰው ቤት አለው።

እኛም ቆርቆሮ ነበረን። ሦስት። የተመቱት ግን ትምህርት ቤቱ ላይ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ልጄ ገና ሕፃን ሳለ ወንዙ የድሮውን ትምህርት ቤት በላው። የትምህርት ቢሮው «ግድግዳውን እናንተ አቁሙ፣ ጣራውን እኛ እናመጣለን» አለ። አፈር በቅርጫት ተሸክመን ከፍ ያለ መደብ ሠራን፤ ቀርከሃ አቆምን። ጣራው አልመጣም። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ከቤት ቤት እየዞረ «ለአንድ ክረምት ብቻ አበድሩን» አለ። ያለው ሁሉ ከቤቱ እየነቀለ ሰጠ። እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ በቆርቆሮው ውስጠኛ ፊት በምስማር ምልክት ጫረበት። ዓሣ አጥማጁ ጎፉር ዓሣ ጫረ። ሚስቴ ጆይጉን ጭልፋ ጫረች። ቆርቆሮዎቹ ወንድሞቿ ለሠርጓ የሰጧት ናቸው። እሳት ካለበት ቤት ላይ ሣር አይሆንም ብላ ከመኝታው አስቀድማ ማድቤቷን አልብሳባቸው ነበር።

ክረምቱ አለፈ። ሌላም አለፈ። ጆይጉን በሣር ጣራ ስር አበሰለች። አንድ ቀን ሣሩ ተቀጣጠለና እጇን እስከ ክርኗ ፈጃት። ከዚያ ወዲህ ጣቶቿ አልተዘረጉም። እስክትሞት ድረስ «ቆርቆሮዬን ጠየቅሃቸው?» ትለኝ ነበር። እጠይቃለሁ። በየስብሰባው እየተነሳሁ እጠይቃለሁ። ሰው ይስቅብኛል።

ልጆቹ ግን ያንን ጣራ ይወዱታል። እያንዳንዱ የሚቀመጠው ከቤተሰቡ ምልክት ስር ነው፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ይደባደባሉ። ልጄ ከጭልፋው ስር ተምሮ አደገ። በኋላም የእሱ ልጅ ኮሂኑር እዚያው ትቀመጥ ነበር።

ሉትፋ የምትባል መምህርት ርእሰ መምህርት ሆና ስትመጣ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሳሁ። መምህርትን አፓ ነው የምንለው፤ ሽማግሌን ደግሞ ቻቻ።

«አፓ፣ ጣራውን አየሽው?»

«አየሁት ቻቻ።»

«እዚያ ጥግ ያለው የሚስቴ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀና ብላ ጭልፋውን ፈለገችና አገኘችው።

«ዕዳ ነው፤ እንመልሳለን» አለች።

«ከአንቺ በፊት የነበሩትም እንዲህ ብለው ነበር።»

«የት አሉ?»

«አንዱ ሞተ፣ አንዱ ከተማ ገባ።»

«እኔ ገና አለሁ» አለችና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈች።

በጎርፉ ጊዜ ከደሴቱ ውኃ ያልገባበት ያ መደብ ብቻ ሆነ። ቤቱ የሄደበት ሁሉ እዚያ ገባ። ምራቴ ሸፋሊ ጡት የሚጠባውን ልጅ አቅፋ፣ ኮሂኑር ማሰሮ በራሷ ተሸክማ፣ እኔ ባዶ እጄን ገባን። ሉትፋ ወንበሮቹን ገጣጥማ ለአራስና ለሕመምተኛ አልጋ አደረገች። አሮጌውን ጥቁር ሰሌዳ ለተረፉት ፍየሎች መውጫ ዘረጋችው። ለልጆች ምሳ ከተቀመጠው ሩዝና ምስር ለሁሉም አንድ ላይ ቀቀለች። ሲያልቅ በጎፉር ጀልባ ማዶ ተሻግራ ከየሱቁ ለምና አመጣች። ማን እንደሰጣት አልተናገረችም፤ ማን እንደከለከላትም አልተናገረችም።

ጠዋት ጠዋት ታስተምራለች። እናቶች ጓዛቸውን ወደ ግድግዳው ይገፋሉ፤ ልጆቹ ከየምልክታቸው ስር ይቀመጣሉ። እኛ ሽማግሌዎቹ የትም መሄጃ ስለሌለን አብረን እንሰማለን።

«በስተርጅናዬ አንደኛ ክፍል ገባሁ» አለ ጎፉር። «ማን ያውቃል፣ ሐኪም እሆን ይሆናል።»

«ጎፉር ቻቻ፣ ዝም ካላሉ ጥግ አቆምዎታለሁ።»

«ጥጉማ የኢንታጅ ነው፤ እዚያ ከቆምኩ ኪራይ ይጠይቀኛል።»

ኢንታጅ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ክረምት ሳቅ የሰማሁት እዚያ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

ውኃው ሲጎድል ጭቃው ቀረ። ከጭቃው ላይ የእርዳታ ቆርቆሮ በትልቅ ጀልባ መጣ፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሰማያዊ ማኅተም ያለበት። ቤት ለፈረሰበት ይታደላል ተባለ። የተረከበው የምክር ቤቱ ተመራጭ ሆርሙዝ ነው። ሲራገፍ ቆመን አየን። በሳምንቱ ቆርቆሮው የሆርሙዝ ላሞች በረት ላይ ተመቶ አየን።

«ላሞቹም ተፈናቃይ ናቸዋ» አለ ጎፉር። «ከኛ ቀድመው ተመዝግበዋል።»

የዚያን ቀን ሸፋሊ ዕቃዋን ስታስር አገኘኋት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ጣራ ከሌለ ዳካ እሄዳለሁ አባባ። እህቴ ልብስ ፋብሪካ ታስገባኛለች።»

«ልጆቹስ?»

«ይዣቸው ነዋ።»

«ኮሂኑር እዚያ ትማራለች?»

ቋጠሮውን ፈታ አደረገችና መልሳ አጠበቀችው። «እዚህ ያቆየኝ ትምህርቷ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ቤቱ የሄደ ዕለት እሄድ ነበር። ግን በሰው መሐል ወንበር ላይ ተኝቼ እስከ መቼ? ልጅዎ እንደሆነ አይመጣም፤ እርስዎም ያውቁታል።»

አውቀው ነበር። ልጄ ከሄደ ወዲህ ያለኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ጣራ ካላገኘሁ ይሄዳሉ።

ከዚያ የትምህርት ቢሮው ሹም መጣ። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጭቃውን እየረገመ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ፤ አልገባም።

«ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ መጠለያ?»

«ሁለቱም ነው» አለች ሉትፋ።

«ሁለቱም የሚባል የለም። ወሩ ሲያልቅ ተመልሼ እመጣለሁ። ሰዎቹ ወጥተው፣ ተማሪው ተቀምጦ ካላገኘሁ ከማዶው ትምህርት ቤት ጋር ይደባለቃል።»

«ልጆቹ በምን ይሻገራሉ?»

«እሱ የወላጅ ጉዳይ ነው።»

ሹሙ ሲሄድ ሁላችንም መደቡ ላይ ተሰበሰብን። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ሉትፋ የተባለውን ነገረችን። የጎፉር ሚስት ብድግ አለች።

«እንውጣ? የት? ዝናብ ውስጥ?» ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «ዓሣው የኔ አይደለም? ቆርቆሯችንን ስጡንና እንወጣለን!»

«ስጡን!» አለ ሌላው። ከዚያ ሁሉም ያን ቃል ያዘ። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ስለው የኖርኩትን ቃል ነው። ወደኔ ዞረው አዩኝ፤ እንድጨምርበት። እኔ ግን ኮሂኑርን አየሁ።

ሉትፋ ጣራውን ዙሪያውን አየችው። «እውነት ነው፤ የናንተ ነው» አለች።

«አፓ፣ ጣራ ከሌለው ትምህርት ቤቱን ይዘጉታል» አልኩ።

«ቻቻ፣ ይሄን የሚሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ባለቤቶቹን ዝናብ ላይ አውጥቼ በቆርቆሯቸው ስር ላስተምር?»

በማግስቱ መነቀል ተጀመረ። ልጆቹ ከታች ሆነው ይጮኻሉ፤ «ዓሣው ወረደ! አሁን የኛ ነው፣ ኮከቡ!» ሠርግ ይመስል ነበር። ሰው ቆርቆሮውን እየተሸከመ ወደ ጭቃው ወረደ። ጣራው ላይ የወጣው ጎፉር እኛ ጥግ ደረሰ።

«ኢንታጅ፣ ደስ ይበልህ፣ ተራህ ደረሰ!»

«የኔን ተወው።»

«ምን?»

«ተወው አልኩህ።»

መዶሻውን ይዞ ቀረ። ከአንድ ጥግ ላይ ሦስት ቆርቆሮ፣ ሌላው ሰማይ። ሸፋሊ አየችኝ። ከመደቡ ስር ከቀርከሃና ከአሮጌ ላስቲክ መጠለያ ሠራሁላት። ላስቲኩ ያፈስ ነበር። ቢሆንም ቋጠሮዋን አላነሳችም።

ሉትፋ በሦስቱ ቆርቆሮ ስር ማስተማር ቀጠለች። የሁሉም ልጅ የሚቀመጥበት ምልክት አሁን ጭልፋው ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ትልልቆቹ ጀርባቸው ይረጥባል። ፀሐይ ስትዞር አብረው ይዞራሉ። ከሚማሩት ውስጥ ግማሾቹ መምጣት ተዉ። ወላጆቻቸው ጎጇቸውን እየጠገኑ ነበርና ማንም አልቆጣቸውም።

ከሉትፋ ጋር ሆርሙዝ ዘንድ ሄድን። በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሻይ አዘዘልን። አልጠጣንም።

«ለትምህርት ቤቱ ጣራ አበድሩን» አለች። «ለአንድ ክረምት።»

ሆርሙዝ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ለአንድ ክረምት! አፓ፣ ከእናንተ ጋር እንዲህ የተዋዋለ ሰው አጠገብሽ ቆሟል። ጠይቂው፤ ክረምቱ አለቀለት ወይ?»

ሉትፋ ወደኔ አልዞረችም። በረቱ ውስጥ ያሉት ላሞች ዝናቡ ሳይነካቸው ያመሰኳሉ። ከአናታቸው ላይ ሰማያዊው ማኅተም ይታያል።

«እኔ እነሱን አምኜ በማበደሬ አላዝንም» አልኩት። ዋሸሁ።

ወሩ ሲያልቅ ሹሙ ተመለሰ። አሁን ጭቃው ስለደረቀ ጫማውን አድርጓል። መደቡ ላይ ወጣ። ቀርከሃዎቹን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ጥጉ ላይ የተፋፈጉትን ልጆች አየ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ።

«ይሄ ትምህርት ቤት አይደለም» አለ። «ሦስት ቆርቆሮ ነው።»

«ሰዎቹን አውጪ ብለውኝ ነበር፤ አውጥቻለሁ» አለች ሉትፋ።

«ጣራውንም አውጪ አላልኩም።»

በቃ፤ እዚያው ጨረሰው። ወንበሮቹ፣ ደወሉና አዲሱ ሰሌዳ በመጣበት ጀልባ ማዶ እንዲሄዱ አዘዘ። ሉትፋም ማዶ ተመደበች። ወንበሮቹን የተሸከምናቸው እኛው ነን።

ሸፋሊ ቋጠሮዋን በራሷ አድርጋ መጣች። ሕፃኑ በጀርባዋ ነበር።

«በዚሁ ጀልባ ልሻገር ነው አባባ። ከማዶ አውቶቡስ አለ።»

«ቆርቆሮው አለ» አልኩ። «ዛሬ ነቅዬ ዛሬ እመታዋለሁ። ማታ ደረቅ ትተኛላችሁ።»

«አውቃለሁ።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ቆርቆሮውን ስለተዉት ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። አሁን ግን ኮሂኑርን እዚህ ምን ላደርጋት? ከስሩ ላስቀምጣት? የሚያስተምራት ማን ነው?»

ኮሂኑር ወደ ጥጉ ቀና ብላ አየች። «አያቴ፣ ጭልፋው አንተ ጋ ይቀራል?»

«ይቀራል።»

«እሺ» አለችና የእናቷን ቀሚስ ይዛ ወረደች።

የጀልባው ሰው ተጣራ። ሹሙ ሰዓቱን አየ። ሉትፋ ግን ወደ ጀልባው አልሄደችም። የጎፉርን መሰላል ለምና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ መዶሻ ይዛ ወጣች።

«አፓ፣ ተዪው፣ እኔ እነቅለዋለሁ» አለ ጎፉር። ይህን ጊዜ አልቀለደም።

«እኔ ነኝ የምነቅለው። ዕዳው የኔ ነው።»

ምስማሮቹ ዝገዋል። እየጮኹ ወጡ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ለጎፉር አቀበለችው፤ እሱ ለኔ። የመጨረሻው ሲወርድ ከላያችን ምንም አልቀረም። ወርዳ መጣችና የጆይጉንን ጭልፋ በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው። ጥላሸቱ ገና ነበረበት፤ ልጆቹ ከስሩ ተቀምጠው የተማሩበት የማድቤቷ ጥላሸት።

«ለአንድ ክረምት ነበር ቻቻ» አለች።

«አዎ።»

«ዘገየን።»

«ዘገያችሁ።»

«ተቀበሉኝ?»

ጀልባው ላይ ኮሂኑር ቆማለች። ሸፋሊ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ተቀብያለሁ» አልኩ።