ዛሬ የመረረው አበባ

ሰፈሩ «እማማ ስጋት» ይላቸዋል፤ ስሙን ያወጣችላቸው ግን የገዛ ልጃቸው ናት። በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ፤ ሳይንኳኳ ሲቀርም ይደነግጣሉ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋልና ከመርፌ ጋር ተዋውቀው ነው የኖሩት፤ መርፌ ይዞ የሚበር ነገር ግን አይወዱም።

ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ለዓመታት የዕቃ መቃብር ነበር። የዛገ የአልጋ ብረት፣ የተሰነጠቀ መታጠቢያ፣ ያረጀ ጎማ፣ በላያቸው ደግሞ ሰው የሚያህል አረም። አናጺዋ ልጃቸው በየእሑዱ እየወጣች ሁለት ዓመት ሙሉ አጸዳችው፣ ቆፈረችው፣ ተከለችበት። ሱፍ ተከለች፣ በሶብላ ተከለች፣ አጥሩ ጥግ ላይ ደግሞ ጡሩምባ የመሰለ ቀይ አበባ። ደረቅ ግንድ በመሰርሰሪያ በሳስታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ ንቦች ቤት ነው አለች። እንዳይሰጥሙ ብላ ጠጠር የሞላበት ሳህን ላይ ውሃ አኖረችላቸው። የቅርንጫፉን ክምርም ለእንሽላሊቶቹ ተወችላቸው።

«ሰው ቤት አጥቶ ይንከራተታል፣ አንቺ ለንብ ቤት ትሠሪያለሽ?» አሉ እማማ ስጋት።

«እማ፣ ካንቺ ጎረቤቶች ይሻላሉ። ወሬ አያመላልሱም።»

ታዲያ ባለፈው ወር ከነዚህ ወሬ አያመላልሱም ከተባሉት አንዷ የልጅ ልጃቸውን የዓይኗ ቆብ ላይ ነደፈቻት። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መራመድ አታውቅም፣ ስትሄድ ትዘላለች፣ ስለዚህም ፌንጣ ይሏታል። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ። ሐኪሙ «በሁለት ቀን ይጎድላል፣ አያሰጋም» አለ፤ እብጠቱም ጎደለ። እማማ ስጋት ሆድ ውስጥ የገባው ግን አልጎደለም።

«በሚቀጥለው ጉሮሮዋን ብትነድፋትስ?»

«ሐኪሙ ምን አለሽ እማ?»

«ለሐኪሙ ምኑ ናት? የልጅ ልጁ ናት?»

ማክሰኞ ጠዋት ልጃቸው ወደ ሥራ፣ ፌንጣ ወደ ትምህርት ቤት እንደወጡ፣ እማማ ስጋት ጡረተኛው ሾፌር ጎረቤታቸው ዘንድ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ያ ለትኋን የረጩት መድኃኒት ተርፎዎት ይሆን?»

«ሞልቷል እትዬ። ግን ከባድ ነው፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ትኋኑ ቀርቶ እኔም ሦስት ቀን ከቤቴ ሸሽቻለሁ።»

ከጣሳው በውሃ ፕላስቲክ ቀነሱላቸው። እማማ ስጋት ቤት ገብተው፣ ልብስ ሲተኩሱ ውሃ የሚረጩበት ጠርሙስ ውስጥ ገለበጡት። ያ ዕድሜ ልኩን ሸሚዝ ሲረጭ የኖረ እጅ እጥፋት አልተወም። ሱፉን ረጩ፣ በሶብላውን ረጩ፤ ከሁሉም በላይ ንቦቹ የሚርመሰመሱበትን ቀይ አበባ አንድ በአንድ፣ ከአፉ እስከ ጉሮሮው አራሱት። ንቦቹ ወዲያው አልሞቱም። መጀመሪያ ሰከሩ። በጀርባቸው ወድቀው ባሉበት ተሽከረከሩ። እማማ ስጋት ቆመው ማየቱን አልቻሉትም፤ ጠርገው አነሷቸውና እጃቸውን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠቡ። ዛሬ ፌንጣን ጓሮ ላለማስገባት ወስነዋል። ለልጃቸው ደግሞ «እኔ እንጃ፣ በሽታ ገብቷቸው ይሆናል» ሊሉ አስበዋል።

ፌንጣ የምትመጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፊት ለፊቱ በር ነው። ወንበር ስበው በረንዳው ላይ ጠበቋት። ስድስት ተኩል ሆነ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ተነስተው መንገዱን ሲያማትሩ ከኋላቸው፣ ከወጥ ቤቱ በኩል፣ «እማማ!» የሚል ድምፅ ሰሙ።

ሲዞሩ ፌንጣ ቆማለች። በጓሮው አጥር ቀዳዳ ሾልካ ነው የገባችው። እፍኟ ሙሉ ቀይ አበባ ነው፤ የሁሉም ጭራ ተነክሷል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ማሩን እየመጠጥኩ ነዋ! ከታች ነክሶ መሳብ ነው፣ እማዬ ናት ያሳየችኝ። ዛሬ ግን መረረኝ። ሌላ ሞከርኩ፣ እሱም መረረኝ። ሁሉንም ሞከርኳቸው።»

እማማ ስጋት አበባውን ከእጇ ነጠቁ፣ አፏን አስጉመጠመጧት፣ እጇን አጠቡ፣ ወተት ጋቷት። የምትዘለው ልጅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ላብ አጠመቃት። ምራቋ በአገጯ ይወርድ ጀመር፤ ወተቱን መልሳ ደፋችው። ወደ ልጃቸው ደወሉ።

«ልጅቷ አስመልሷታል፣ ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው፣ ነይ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ታክሲ ውስጥ አቅፈዋት «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ይሉ ነበር፤ ገና ከሰፈሩ እንኳ አልወጡም።

ልጃቸው ፀጉሯ ላይ የመጋዝ ብናኝ እንደያዘ ደረሰች። ወጣቷ ሐኪም የፌንጣን ሆድ እየነካካች ጠየቀች፦

«ዛሬ ምን በላች?»

«ጠዋት ዳቦና እንቁላል ነው» አለች አናጺዋ። «እማ፣ ምሳ ሰጥተሻታል?»

«አልሰጠኋትም።»

«እንቁላሉ ይሆናል» አለች ሐኪሟ፤ መጻፍ ጀመረች። እማማ ስጋት የብዕሩን ጫፍ አዩ። አሁን ከተናገሩ ልጃቸው ዓይናቸውን አታይም፤ ልጅቷንም ዳግመኛ አታስነካቸውም። ይህን ያውቃሉ። ፌንጣ በዚህ መሐል ቃተተች፤ ትንፋሿ እንደ ተደፈነ ቧንቧ አንኮራፋ።

«እንቁላሉ አይደለም!» ብለው ጮኹ። «መርዝ ነው። እኔ ነኝ የረጨሁት። አበባው ላይ ረጨሁት፣ እሷ መጠጠችው።»

አናጺዋ ፊቷን ከእናቷ አዞረች።

«የምን መርዝ?» አለች ሐኪሟ።

«የትኋን። ስሙን አላውቅም። ጎረቤቴ ጋ ጣሳው አለ።»

ለጎረቤቱ ስልክ ተደወለ፤ ሐኪሟ ራሷ ስልኩን ተቀብላ አናገረች።

«ጋሼ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ቶሎ ያንብቡልኝ።»

«እሺ፣ እሺ… መነጽሬን ልፈልግ።»

እማማ ስጋት ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ አላዩም። በስልኩ ውስጥ መሳቢያ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ የሆነ ነገር ወደቀ። «ፈጣሪ ይወቀው የት እንደጣልኩት… አገኘሁት፣ ግንባሬ ላይ ነው!» ከዚያ ፊደል በፊደል ቆጠሩላት። ሐኪሟ ስልኩን ወርውራ ነርሷን ጠራች። ፌንጣ መርፌ ተወጋች፣ ደግሞ ተወጋች፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደረገላት።

አሥር ሰዓት ላይ ምራቋ ቆመ፣ ትንፋሿም ተስተካከለ። «ደህና ናት፤ ለዛሬ ግን እዚሁ ትቆይ» አለች ሐኪሟ። ወደ እማማ ስጋት ዞረችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፦ «እናቴ፣ እንቁላሉ ነው ብዬ ብጀምር ኖሮ ጊዜ አባክን ነበር።»

አናጺዋ እናቷን እስካሁን አላየቻቸውም ነበር። አሁንም ግድግዳውን እያየች ነው የተናገረችው።

«ያበበውን ሁሉ ነገ ጓንት አድርጌ እቆርጠዋለሁ። የሳህኑን ውሃ እደፋዋለሁ። አፈሩም ይቆይ፤ ዝናብ እስኪያጥበው ምንም አልተክልበትም። ንብ እስኪመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እኔም አላውቅም።»

«እኔ ልቁረጠው።»

«አትጠጊውም እማ።» የፌንጣን አንሶላ ሳብ አደረገች። «መምጠጡን ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ።» ይህን ብላ ውሃ ልታመጣ ወጣች።

ፌንጣ ዓይኗን ገለጠች።

«እማማ።»

«ወዬ እናቴ።»

«ንቦቹስ? እነሱም ጠጡት?»

«አልጠጡትም» የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዋጡት።

«ጠጡት። ገደልኳቸው። አንቺን እንዳይነኩብኝ ብዬ።»

«ሁሉንም?»

«ያየኋቸውን ሁሉ።»

ፌንጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማማ ስጋት አልጠሯትም፤ ወንበራቸውን ብቻ ወደ አልጋው አስጠጉ። ልጅቷ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ቆየች። ጀርባዋ ከአንሶላው ስር ከፍ ዝቅ ሲል ግን ይታይ ነበር፤ እማማ ስጋትም ከዚያ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።