ሁለት ቦታ የቆሙት ሊቀመንበር

እ.ኤ.አ. በ2021 የካቲት ወር ዳላስ በረዶ ወረደ። መብራት አራት ቀን ጠፋ። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን ውሃው ቧንቧው ውስጥ በረዶ ሆነ። ወንበር ሰብረው ያነደዱ ነበሩ። እኔ ካፖርቴን እንደለበስኩ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ቧንቧው ፈነዳና ከእኔ በላይ የሚኖረው የምናሴ ጣሪያ ተናደ። የአርባ ዓመት ፎቶውን ውሃ በላው።

ምናሴ ፎቶ አንሺ ነው። ለእንጀራው ግን ሃያ ስድስት ዓመት ኤርፖርት ሻንጣ ጭኗል። ሻንጣ የሚጭን ሰው አውሮፕላንን ከሥር ያያል። እሱ ከላይ ማየት አማረው። አንዴ በሙቅ አየር የሚንሳፈፍ ባሎን ተሳፍሮ ቤድፎርድ ከተማ፣ የማያውቀው ሰው ጓሮ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ አረፈ። ባለቤቶቹ ፎጣ ሰጡት። እሱም ፎቶ አነሳቸው።

ምዕመናችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ፎቶ ያነሳ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998 ነበር። ካሜራው ቀስ እያለ የሚዞር አሮጌ ዕቃ ነው፤ ከግራ ተነስቶ ቀኝ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት መቶ ሰው በግማሽ ክብ ተሰለፈ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ስምዖን ግራ ጫፍ ላይ ቆሙ። ካሜራው ሲያልፋቸው በሰው ጀርባ ሮጠው ቀኝ ጫፍ ቀድመውት ደረሱ። ስለዚህ ፎቶው ላይ ሁለት ቦታ አሉ። በቀኝ በኩል ያሉት ትንሽ ያለከለኩ ይመስላሉ።

በቀኝ በኩል የቆሙት እትዬ እታለማሁ ፊት ነው። ሴትየዋ ጨርሶ አይታዩም።

እትዬ እታለማሁ ፎቶውን ጎንደር ላሉት እናታቸው ልከው ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አልተያዩም ነበር። እናትየው በስልክ፣ “ሰውየውን ሁለቴ አየሁት፤ አንቺን አንድም ጊዜ አላየሁሽ” አሉ። በዓመቱ ሞቱ።

ምናሴ ይህን ሲሰማ፣ “የአንድ ፊት ዕዳ አለብኝ” አለ። ለብቻቸው ሊያነሳቸው ለመናቸው።

“የጎደልኩት ከሕዝቡ መሐል ነው” አሉት። “ለብቻዬማ መታወቂያዬም ላይ አለሁ።”

በረዶው ሲቀልጥ የረጠበውን ፎቶ ሁሉ ገመድ ላይ አሰጣን። ያ ፎቶ ተርፏል። ውሃው አቶ ስምዖንን በአንዱም በኩል አልነካቸውም።

“አዲሱ፣ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው” አለኝ ምናሴ። “ሳልከፍል ልሞት ነው።”

ከሁለት ዓመት በኋላ ዋይሊ ከተማ የሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያናችን አለቀ። የመታሰቢያ ፎቶ ይነሳ ተባለ። ማን መሐል ይቁም በሚለው ላይ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ምናሴ ገብቶ፣ “ከሰማይ ላንሳችሁ። ከላይ ሲታይ ማንም ማንንም አይጋርድም” አለ። ወደዱት።

በጀርባ የሚታዘል ሞተርና ፓራሹት ገዛ። ስድስት ወር ተማረ። ሁለት ጊዜ ዛፍ ላይ ቀረ። የእትዬ እታለማሁ ልጅ አክሱማዊት ነርስ ናት፤ ልታስተወው መጣች።

“ጋሼ ምናሴ፣ ማለቴ፣ ድሮን አለ እኮ! አምስት ደቂቃ ነው።”

“ድሮኑ ነው እንዴ ባለዕዳው?”

“ኦኬ፣ ኢንሹራንስ ግን አለዎት?”

“እግዚአብሔር አለ።”

“እሱን የሚቀበል ሆስፒታል አላውቅም።”

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት መቶ ሰው ሜዳው ላይ ቆመ። አቶ ስምዖን ጉልበታቸው ስለማያስሮጣቸው መሐል ላይ ቆሙ። ከላይ ሲታይም መሐል እንዳለ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ድምፅ ማጉያ ይዘዋል።

“ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቁም! ፊት ለፊት ይመልከት! አፉን ከፍቶ የሚያንጋጥጥ እንዳይኖር! ይህ ታሪክ ነው!”

ማን የት እንደሚቆም በሦስት ስብሰባ ተወስኗል። ወዴት እንደሚታይ የጠየቀ የለም። ፎቶ ሲባል እኛ አንገት ማቅናት ነው የምናውቀው። እኔም አጥሩን አየሁ።

ሞተሩ መጣ። አናታችን ላይ ሲደርስ ተንተፋተፈ፤ ጠፋ። ማንም አልተነቃነቀም።

“ኧረ ይሄ ሰውዬ መውደቁ ነው! ማርያም፣ ድረሺለት!” ሲሉ እትዬ እታለማሁን ከአጠገቤ ሰማሁ።

“እትዬ እታለማሁ፣ ፎቶውን እያበላሹ ነው!” አሉ አቶ ስምዖን በማጉያው።

“ፎቶው ይበላሽ! ሰውየው ይውረድልኝ!”

ሞተሩ እንደገና ተነሳ። ምናሴ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በሁለት መኪና መሐል፣ ካሜራውን አቅፎ አረፈ። ጉልበቱ ተላጠ።

በሳምንቱ ፎቶው እንደ ግድግዳው ሰፍቶ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ሦስት መቶ አናት ነው። ነጠላ፣ ራሰ በራ፣ ቀለሙ ከሥሩ የለቀቀ ፀጉር። ሁሉም ራሱን ይፈልጋል፤ የሚያገኝ የለም።

“ይህ መሐል ላይ እንቁላል የመሰለው ማን ነው?” አሉ አቶ ስምዖን።

“እማዬ፣ ነይ እዪ!” አለች አክሱማዊት። “ፊት ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ!”

እውነቷን ነው። በዚያ ሁሉ አናት መሐል አንድ ፊት ወደ ላይ ያያል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ሁለት እጅ ወደ ሰማይ ተዘርግቷል።

አቶ ስምዖን እንደገና ይነሳ፣ ስብሰባ ይጠራ አሉ። እትዬ እታለማሁ አልሰሟቸውም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ፎቶው ቀረቡ።

“ሰውየውን አንድም ቦታ አላየሁት” አሉ። “እኔ ግን አለሁ።”

ከዚያ ወደ ምናሴ ዞሩ። ጉልበቱ በፋሻ ታስሮ በሩ ጋ ቆሟል።

“በል፣ ከፍለሃል” አሉት። “ሁለተኛ ግን እንዳትወጣ።”